ካርቡሬተር ያለው የድሮ መኪና አልነሳ ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመለከተው ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው)፣ ቦቢና (የባትሪውን ቮልት ለካንዴላው የሚያበዛው ጥቅል) እና ፑንቲና (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ እያቋረጠ እሳቱን የሚያስነሣው መገናኛ) ያላቸውን የድሮ የቤንዚን መኪናዎች ነው። ለመጀመር የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ቮልት ሜትር፣ የካንዴላ (በሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክፍተት መለኪያ ላሜራ፣ አንድ ሜትር ያህል የቤንዚን ጎማ ቱቦና በእጅ የሚያዝ የእሳት ማጥፊያ። የእሳት ማጥፊያው እንደ ትርፍ ዕቃ አይታይ፤ የቤንዚን መስመር ፈትቶ የሚሠራ ሰው ከአጠገቡ ሊያጣው አይገባም።

ሞተሩ ይዞራል፤ ግን አይነሳም። ከየት ልጀምር?

ካርቡሬተሩን ከመንካትዎ በፊት ጥፋቱ የቤንዚን ይሁን የእሳት (የካንዴላው ብልጭታ) ይለዩ። ይህን ሳይለዩ መፍታት ደህና የነበረውን ዕቃ ማበላሸት ነው። «ቤንዚን አልመጣ አለ» ተብሎ ከሚፈታው ካርቡሬተር ብዙው ምንም አልሆነም፤ ጥፋቱ የሚገኘው ፑንቲናው ወይም ኮንደንሰሩ (ፑንቲናው ሲከፈት እንዳይቃጠል የሚጠብቀው) ላይ ነው።

መጀመሪያ እሳቱን ይዩ። አንድ ካንዴላ ነቅለው ከገመዱ ጋር መልሰው ያገናኙት፤ የካንዴላው ብረት ቀለም ያልተቀባ የሞተር ብረት እንዲነካ አድርገው ያስተኙት። ከተነቀለበት ቀዳዳ የቤንዚን ጭጋግ ስለሚወጣ ካንዴላውን ከዚያ ያርቁት። ገመዱን በባዶ እጅ አይያዙ። ሌላ ሰው ሞተሩን ሲያዞር ሰማያዊ፣ ወፍራምና ጠጥ ጠጥ የሚል እሳት ካዩ ደህና ነው። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ግን ሲሊንደር ውስጥ በታመቀ አየር መካከል መዝለል ስለማይችል እንደሌለ ይቁጠሩት።

ቀጥሎ ቤንዚኑን ይዩ። የአየር ፊልትሮውን አንሥተው፣ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ የካርቡሬተሩን ጉሮሮ እየተመለከቱ የቤንዚን ፔዳሉ የሚስበውን ክንድ በእጅዎ ፈጠን አድርገው ይክፈቱ። ማፍጠኛ ፖምፓ ያለው ካርቡሬተር ቀጥ ያለ የቤንዚን ጅረት መርጨት አለበት። ካልረጨ ቋቱ (በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚጠራቀምበት) ባዶ ነው ወይም ማፍጠኛው ፖምፓ ራሱ ሞቷል። ኤስዩ እና ስትሮምበርግ ሲዲ የሚባሉት ካርቡሬተሮች ግን ማፍጠኛ ፖምፓ የላቸውም፤ ስለዚህ በእነሱ ላይ ይህ ፍተሻ ምንም አይነግርዎትም። ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥም ለማስነሳት አይረዳም። በእነዚህ ላይ የቋቱን ክዳን ከፍተው ውስጡን ይዩ።

ሦስተኛውና ቁርጡን የሚነግርዎት ፍተሻ ይህ ነው፦ 5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ቤንዚን በመርፌ ስሪንጅ ለክተው ጉሮሮው ውስጥ ይጨምሩ፣ ዕቃውን ያርቁ፣ የአየር ፊልትሮውን መልሰው ይግጠሙ፣ ከዚያ ሞተሩን ያዙሩ። ተነሥቶ ከሁለት ሦስት ሴኮንድ በኋላ ከጠፋ እሳቱ ደህና ነው፤ የጎደለው የቤንዚን አቅርቦት ነው። ምንም የመነሣት ምልክት ካላሳየ ችግሩ የእሳት፣ የእሳት ጊዜ (ብልጭታው የሚወጣበት ቅጽበት) ወይም የኮምፕረሽን (የሲሊንደሩ እመቃ) ነው። ሞተሩ እየዞረ ከጠርሙስ ቤንዚን ማፍሰስ ፈጽሞ አይደረግም። ሞተሩ በካርቡሬተሩ በኩል ነበልባል ቢተፋ የሚቀጣጠለው በእጅዎ ያለው ጠርሙስ ነው።

ባትሪው አዲስ ነው፤ ሞተሩ ግን በዝግታ ነው የሚዞረው። ለምን?

በባትሪውና በሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሣት በሚያዞረው ኤሌክትሪክ ሞተር) መካከል ያለው መንገድ ስለተበላሸ ነው፤ በድሮ መኪና በጣም የተለመደ ነው። 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል። ሞተሪኖው እየዞረ እያለ የባትሪው ቮልት ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ባትሪው ይህን ፈተና ካለፈ ገመዶቹን ይለኩ፦ የቮልት ሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በሞተሪኖው ዋና ብሎን ላይ አድርገው ሞተሩን ያዙሩ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱ፣ ማሰሪያው ወይም የሞተሪኖው ማብሪያ ኤሌክትሪኩን እየበላው ነው። በማሳው (ኤሌክትሪኩ በሞተሩና በቦዲው ብረት በሚመለስበት መስመር) በኩል ከባትሪው እስከ ሞተሩ ብረት ያለው ከ0.2 ቮልት ባይበልጥ ይመረጣል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደው የማሳ ገመድ ነው፤ ሞተሩ ወርዶ ሲመለስ ተረስቶ ይቀራል ወይም በቀለም ላይ ይታሰራል።

6 ቮልት መኪና ካለዎት የገመዱን ውፍረት ያስተውሉ። ቮልቱ በግማሽ ሲያንስ ያንኑ ኃይል ለማግኘት እጥፍ አምፔር ስለሚያስፈልግ ለ12 ቮልት የተሠራ ቀጭን ገመድ አይበቃውም። የፎርድ መኪናዎች በአሜሪካ ወደ 12 ቮልት የዞሩት በ1956 ሞዴል (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው የፎልክስዋገን ቢትል ደግሞ በ1967 ሞዴል። ብዙ የድሮ እንግሊዝ መኪናዎች ማሳቸው ፖዘቲቩ ነው፤ ኤምጂቢ ለምሳሌ እስከ 1967 ድረስ እንዲሁ ነበር። ባትሪ ሲቀይሩ ወይም ከሌላ መኪና ሲያገናኙ ይህን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ15 ሴኮንድ በላይ አያዙሩ። በመካከል አንድ ሁለት ደቂቃ ይረፍ፤ ሙቀት ጠመዝማዛውን ያቃጥለዋል።

መኪናው ለሳምንታት ሲቆም ብዙ ካልዞረ አይነሳም። ብልሽት ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። በካርቡሬተሩ ቋት ያለው ቤንዚን ይተናል፤ ሜካኒካል ፖምፓው ቋቱን እስኪሞላ ድረስ ሞተሩ መዞር አለበት። ፖምፓዎ በእጅ መግፊያ ካለው በእሱ ይሙሉት። መግፊያው ላልቶ ምንም ካልገፋ ተበላሽቷል ብለው አይደምድሙ፦ የፖምፓው ክንድ በካሙ (በሞተሩ ውስጥ በሚዞረው ጉብታ ያለው ዘንግ) ጉብታ ላይ ቆሞ ከሆነ እጅ የሚገፋው ነገር የለውም። ሞተሩን በእጅ አንድ ዙር ካዞሩት ክንዱ ይለቀቃል።

በአንድ ሌሊት ብቻ ይህ ከሆነ ግን ቤንዚኑ ወደ ታንኩ እየተመለሰ ነው ወይም ከቋቱ እየፈሰሰ ነው። የፖምፓው ቫልቮች፣ የመስታወት ክዳኑ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) እና ከታንኩ እስከ ፖምፓው ያለው ጎማ ይፈተሹ።

ሜካኒካል ፖምፓው ይሥራ አይሥራ እንዴት አውቃለሁ?

ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን ቱቦ ነቅለው ከአንድ ዕቃ ጋር ያገናኙት። የቦቢናውን ወፍራም ገመድ ከዲስትሪቢውተሩ (እሳቱን ለየካንዴላው ከሚያከፋፍለው) አውጥተው ከሞተሩ ብረት ጋር ያጣብቁት፤ ቤንዚን በሚወርድበት ቦታ እሳት እንዳይዘል ነው። ከዚያ ሞተሩን 15 ሴኮንድ አዙረው ያሳርፉ፣ እንደገና 15 ሴኮንድ ያዙሩ። ለትንሽ አራት ሲሊንደር ሞተር ሩብ ሊትር ያህል፣ ለትልቅ ስምንት ሲሊንደር ግማሽ ሊትር ያህል ከመጣ መጠኑ በቂ ነው።

አወራረዱንም ይመልከቱ። በየግፊቱ ሞልቶ የሚዘል ጤነኛ ነው። አረፋ እየቀላቀለ ከመጣ በመሳቢያው በኩል አየር ይገባል። ይህ ጥፋት ብዙ ሰው ያደናግራል፤ ምክንያቱም የተሰነጠቀ የመሳቢያ ጎማ አየር ይስባል እንጂ ቤንዚን ላያንጠባጥብ ይችላል፣ ስለዚህ በዓይን አይታይም። ለማረጋገጥ የፖምፓውን መግቢያ በአዲስ ጎማ አጭር አድርገው ንጹሕ ቤንዚን ካለበት ጄሪካን ጋር ያገናኙ። አሁን በደንብ ከገፋ ፖምፓው ደህና ነው፤ ችግሩ ከፖምፓው በፊት ያለው ቱቦ፣ ፊልትሮ ወይም ታንክ ነው። ይህን አንድ ፍተሻ ያለፈ ሰው ፖምፓ በከንቱ አይገዛም።

የፖምፓው ግፊት መብዛቱም ችግር ነው። አብዛኛዎቹ የድሮ ካርቡሬተሮች ከ0.15 እስከ 0.45 ባር ባለው መካከል ይሠራሉ፤ የኤስዩና የዌበር ዝቅተኛውን ይወዳሉ። በግምት የተገጠመ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ከዚህ በላይ ከገፋ መርፌ ቫልቩን (ቋቱ ሲሞላ መግቢያውን የሚዘጋውን) አሸንፎ ካርቡሬተሩን ያጥለቀልቃል። ያኔ ግፊት መቀነሻ ይግጠሙ።

የሞተር ዘይትዎን ጠብታ ያሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተና የዘይቱ መጠን ከፍ ካለ የፖምፓው ዲያፍራም ተቀድዶ ቤንዚኑን ወደ ዘይቱ እያወረደ ሊሆን ይችላል። ሞተሩን አያስነሡ፤ የቀጠነ ዘይት ኩሽኔታ ይበላል፣ በዘይት መያዣው ውስጥ የተጠራቀመው ትነትም ሊቀጣጠል ይችላል። ዲያፍራሙን ቀይረው ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ይለውጡ።

የኤስዩ ኤሌክትሪክ ፖምፓ ድምፁ ምን ይነግረኛል?

ብዙ ይነግራል። ቁልፉ ሲከፈት ተክ ተክ ብሎ ቋቱ ሲሞላ ዝም ማለት አለበት። ማቋረጥ ሳያውቅ በፍጥነት ከመታ ታንኩ ባዶ ነው ወይም በመሳቢያው አየር ይገባል። ሞተሩ ሳይነሣ በየጥቂት ሴኮንዱ አንድ ጊዜ የሚመታ ከሆነ መርፌ ቫልቩ አልዘጋም ወይም የሆነ ቦታ ይፈስሳል። ጭራሽ ዝም ካለ ኤሌክትሪክና ማሳ መድረሱን ይለኩ፤ ከደረሰ የውስጥ ኮንታክቱ ተቃጥሏል። በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብሎ ሲመታ መሥራት ከጀመረ ኮንታክቱን ለመቀየር ጊዜው ደርሷል ማለት ነው እንጂ ተስተካከለ ማለት አይደለም።

ሩብ ሰዓት ከሄደ በኋላ እየተንተባተበ ይጠፋል፤ ትንሽ ካረፈ ይነሳል። ምንድን ነው?

ሦስት የተለያዩ ጥፋቶች ይህን አንድ ዓይነት ምልክት ያሳያሉ፤ ስለዚህ መገመት አይበጅም። የሚለያዩት በጠፋበት ቅጽበት በሚደረግ ፍተሻ ነው።

ወዲያው የታንኩን ክዳን ይክፈቱ። አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ከተሰማና ሞተሩ ከተነሣ የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኗል። ቤንዚን ሲወጣ አየር ካልተካው ታንኩ ውስጥ ቫክዩም ይፈጠርና ፖምፓው መሳብ ያቅተዋል። ታንኩ ሌላ መተንፈሻ ለሌለው መኪና መተንፈሻ የሌለው ክዳን ሲገጠም ይህ ይከሰታል። መፍትሔው ትክክለኛውን ክዳን መግዛት ነው።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ወዲያው እሳቱን ያረጋግጡ። በሙቀት ብቻ የሚሞት ቦቢና ወይም ኮንደንሰር አለ፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ደህና ይሆናል፣ ስለዚህ መኪናው ጋራዥ ሲደርስ ምንም አይገኝበትም። የቦቢና የመጀመሪያ ጥቅል እንደ ዓይነቱ 1.5 ወይም 3 ኦም ያህል ነው። በትኩስነቱ ይለኩት።

እሳት ካለ፣ ቋቱ ግን ባዶ ከሆነ ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ እየፈላ ነው። የቤንዚን ቀላል ክፍሎች ከ35 እስከ 40 ዲግሪ አካባቢ ይፈላሉ፤ ፖምፓው በሚስብበት በኩል ግፊቱ ስለሚቀንስ ከዚያም ቀድመው ወደ ተን ይለወጣሉ። ፖምፓው ደግሞ ፈሳሽ እንዲገፋ እንጂ ተን እንዲገፋ አልተሠራም። ቱቦው ከጭስ ማውጫው ምን ያህል ይርቃል? የቀድሞው የሙቀት መከላከያ ላሜራ ቦታው ላይ አለ? ቀድሞ የብረት ቱቦ የነበረበት በጎማ ተተክቶ ሞተሩን ተደግፎ ይሆን? መፍትሔው እነዚህን ወደ ቦታቸው መመለስ ነው። ከዚያም ካልተሻለ ታንኩ አጠገብ፣ ከታንኩ ከፍታ በታች ትንሽ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ማገዝ ይረዳል፤ የተገፋ ቤንዚን እንደተሳበው በቀላሉ አይፈላም። መኪናው ቢጋጭ ወይም ሞተሩ ቢጠፋ ፖምፓውን የሚያቋርጥ ማብሪያ መጨመር ግዴታ ነው። በቱቦው ላይ የልብስ መቆንጠጫ መደርደር በሰፊው የሚመከር ነገር ቢሆንም የሙቀቱን ምንጭ አይነካም፤ ጊዜዎን አያባክኑበት።

ትኩስ ሆኖ ጠፍቶ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ለምን እንቢ ይላል?

ይህ ከላይኛው ተቃራኒ ነው፦ ቤንዚን በዝቷል። ሞተሩ ሲጠፋ የውኃውና የአየሩ ዝውውር ይቆማል፤ የሞተሩ ሙቀት ወደ ካርቡሬተሩ ይወጣል፤ የቋቱ ቤንዚን ፈልቶ ወደ ጉሮሮው ይወርዳል። ቾኩን (ለቀዝቃዛ ሞተር አየር ቀንሶ ቤንዚኑን የሚያበዛውን) አይሳቡ። ፔዳሉን እስከ ታች ረግጠው ሳያነሡ ይያዙና ሞተሩን ያዙሩ፤ ብዙ አየር ገብቶ የበዛውን ቤንዚን ያወጣዋል። ፔዳሉን ደጋግመው ከረገጡ ማፍጠኛው ፖምፓ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። ለዘለቄታው በካርቡሬተሩና በማኒፎልዱ (ከካርቡሬተሩ ወደ ሲሊንደሮቹ በሚወስደው ቱቦ) መካከል ሙቀት የማያስተላልፍ የባኬላይት ማገጃ ይገጠማል።

ከካርቡሬተሩ ቤንዚን ይፈስሳል። ምን ላድርግ?

ቁልፉን ይዝጉ፣ ባትሪውን ያላቁ፣ የፈሰሰው እስኪተን ይጠብቁ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በመርፌ ቫልቩ መካከል የገባ ቆሻሻ ነው፤ የቋቱን ጎን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብሎ መምታት ለጊዜው ያላቅቀዋል። ከተመለሰ ክዳኑን ይፍቱ። የመርፌው ጫፍ ላይ ቀለበት የመሰለ ጠባሳ ከታየ መርፌውንና መቀመጫውን አብረው ይቀይሩ። በቋቱ ውስጥ ያለውን ተንሳፋፊ አውጥተው ጆሮዎ አጠገብ ያናውጡት፤ ውስጡ ፈሳሽ ከተንቀሳቀሰ ቀዳዳ አለው። የነሐስ ተንሳፋፊን ሙቅ ውኃ ውስጥ ቢያሰጥሙት ቀዳዳው ያለበት ቦታ አረፋ ያወጣል። የተንሳፋፊው ከፍታ ለእያንዳንዱ ካርቡሬተር የራሱ ልክ ስላለው ከመኪናው መመሪያ እንጂ ከሌላ መኪና አይወሰድም።

ቁልፉን እያዞርኩ ይነሳል፤ ስለቅቀው ይጠፋል።

ከቤንዚን ጋር አይገናኝም። ቦቢናው ከመቀነሻ ሬዚስተር ጋር የሚሠራ ከሆነ ሲነሣ ሙሉ ቮልት በሌላ መስመር ይደርሰዋል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ በሬዚስተሩ በኩል ይሄዳል። ሬዚስተሩ ተቃጥሏል ወይም የቁልፉ ማብሪያ በ«ክፍት» ቦታው አያገናኝም። ሬዚስተሩን ዘሎ በቀጥታ ማገናኘት ቦቢናውንና ፑንቲናውን ያቃጥላል።

በቾክ ይነሳል፤ ቾኩ ሲመለስ ግን በዝግታ (ፔዳሉ ሳይረገጥ) አይሠራም።

ቾኩ የሸፈነው የቤንዚን እጥረት አለ ማለት ነው። ለዝግታ የምታገለግለው ጄት (ቤንዚን የሚያልፍባት የተለካች ቀዳዳ) እጅግ ጠባብ ስለሆነች ቀድማ የምትደፈነው እሷ ናት። አውጥተው በካርቡሬተር ማጽጃና በአየር ግፊት ያጽዱ፤ ሽቦ አይክተቱባት፣ ልኳን ያሰፋታል። ካርቡሬተሩ የዝግታ ማቋረጫ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚከፈት ቫልቭ) ካለው ቁልፉ ሲከፈት ቀጭ ማለት አለበት፤ ካላለ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም። ሁለቱም ደህና ከሆኑ በማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ወይም በተሰነጠቀ የቫክዩም ቱቦ አየር እየገባ ነው።

ፑንቲናው ልኩ ስንት ነው? ቆሞ የኖረ መኪናስ ለምን እሳት ያጣል?

ክፍተቱ በአብዛኛው ከ0.35 እስከ 0.45 ሚ.ሜ. ነው፤ ለፎልክስዋገን ቢትል 0.40። የሚለካው የፑንቲናው ተረከዝ በዲስትሪቢውተሩ ካም ጉብታ ጫፍ ላይ ሲቆም ብቻ ነው። የካንዴላ ክፍተት 0.6 እስከ 0.7 ሚ.ሜ. ያህል ነው። ክፍተቱን ሲቀይሩ የእሳቱ ጊዜ አብሮ ስለሚቀየር ፑንቲናውን አስተካክለው ሲጨርሱ ጊዜውን ይፈትሹ።

ለወራት የቆመ መኪና ፑንቲናው ላይ ዓይን የማያየው ዝገት ይይዛል። ንጹሕ ወፍራም ወረቀት በአልኮል አርሶ በተዘጋው ፑንቲና መካከል ጎትቶ ማውጣት ብቻውን ብዙ መኪና ያስነሣል። ፑንቲናው ጫፉ ከተቃጠለና አንዱ ጎኑ ጎድጉዶ ሌላው ካበጠ ኮንደንሰሩን አብረው ይቀይሩ። አዲስ ኮንደንሰር ሁሉ ጥሩ አይደለም፤ የሚሠራውን አሮጌ አይጣሉት።

ሞተሩ በካርቡሬተሩ በኩል እያስነጠሰ የሚተኩስ ከሆነ የካንዴላ ገመዶቹን ቅደም ተከተል ይመልከቱ። ብዙዎቹ ቀጥ ያሉ አራት ሲሊንደር ሞተሮች 1-3-4-2 ናቸው፤ ቢትል 1-4-3-2፣ የፎርድ ኬንት ሞተር ደግሞ 1-2-4-3 ነው። ዲስትሪቢውተሩ ወጥቶ ከተመለሰ ግማሽ ዙር ተገልብጦ ሊገባም ይችላል።

ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ይጎዳል?

ጎማውን ይጎዳል። ለድሮው ቤንዚን የተሠራ ጎማ ኤታኖል ሲነካው ይለሰልሳል፣ ውስጡ ይላላጣል፣ ፍርፋሪው ጄቶቹን ይደፍናል። ከውጭ ደህና የሚመስል ጎማ ከውስጥ ሊዘጋ ይችላል፤ ስለዚህ ለኤታኖል የሚስማማ ለመሆኑ በላዩ ላይ «አር9» (R9) የሚል ጽሑፍ ያለበትን ገዝተው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ። የቡሽ ተንሳፋፊ ያላቸው በጣም አሮጌ ካርቡሬተሮችም ይጎዳሉ፤ ኤታኖሉ ቡሹ የተቀባበትን ሼላክ ያሟሟዋል። ኤታኖል ውኃ ስለሚስብ መኪናው ለረጅም ጊዜ ሲቆም ውኃና ኤታኖሉ ተለይተው በታንኩ ሥር ይቀመጣሉ። የፖምፓው መሳቢያ ደግሞ የሚስበው ከዚያ ነው።

ለዓመታት የቆመ መኪና እንዴት ይነሣ?

በመጀመሪያው ቀን ቁልፍ አይነካም። ካንዴላዎቹን ይንቀሉ፣ በየሲሊንደሩ 10 ሚሊ ሊትር ያህል የሞተር ዘይት ይጨምሩ፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይተዉት። ከዚያ ማርሹን ዜሮ አድርገው ሞተሩን በፑሊው ብሎን በእጅ ያዙሩ። አልዞርም ካለ አያስገድዱ፤ የተጣበቀ የፒስተን ቀለበት ይሰበራል። ተጨማሪ ዘይት ጨምረው ቀናት ይስጡት።

የታንኩን ቤንዚን ሁሉ ያውጡ። ያረጀ ቤንዚን ቫርኒሽ ይሸታል። ዝገት ካለበት ታንኩን አውርደው ያጽዱ፤ እስኪጸዳ ድረስ ግን ሞተሩን ከጄሪካን በሚመጣ ንጹሕ ቤንዚን ይሞክሩት እንጂ ከታንኩ አይሳቡ። ባዶ ታንክ ላይ ብየዳ በቤትዎ አይሞክሩ፤ ባዶ የተባለው ታንክ በትነት የተሞላ ነው። ከታንኩና ከፖምፓው መካከል ውስጡ የሚታይ ፊልትሮ ይግጠሙ፣ የቀስቱን አቅጣጫ ወደ ሞተሩ አድርገው። ግማሽ ድረስ ብቻ ሞልቶ ቢታይ አይደንግጡ፤ ቤንዚኑ እስካለፈ ድረስ ጥፋት የለውም። ፕላስቲክ ፊልትሮ ግን ከጭስ ማውጫው አጠገብ አይገጠም።

ዘይቱን ለውጠው፣ ካንዴላ ሳይገጥሙ ሞተሪኖውን በአጭር በአጭሩ እያዞሩ የዘይት ግፊት መውጣቱን በመለኪያው ወይም በመብራቱ ያረጋግጡ። ካንዴላ ገጥመው ሲነሣ ጉሮሮው ላይ አይደገፉ። መጀመሪያ የገባው ዘይት ስለሚቃጠል ለጥቂት ደቂቃ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ከሩብ ሰዓት በኋላ አጥፍተው እያንዳንዱን የቤንዚን ቱቦ መጋጠሚያ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ጨርቁን ያራሰ መጋጠሚያ ካለ ፋሸታው (የቱቦው ማሰሪያ) ይጥበቅ ወይም ጎማው ይቀየር። ከዚያ በፊት መኪናው ከቆመበት አይውጣ።